የመጀመሪያው ግማሽ

ሰው «ነፃ ነው» ሲሉት መጀመሪያ የሚያየው መውጫውን ነው። «ነፃ? ታዲያ ምን ልትሸጡልን ነው?» ይለኛል። ኧረ ምንም አንሸጥም ወንድሜ፣ ግባ፣ ተቀመጥ፣ ሙዚቃ ስማ፣ አውቶቡስህ ሲጠራ ትሄዳለህ። «የምን ሙዚቃ?» የጣልያን። «ዘፋኟስ የታለች?» ዘፋኝ የለም። «እና?» እና ምን! እህቴ ያቻት፣ ሣጥኑ ያው፣ ከገባህ ግባ፣ ካልገባህ በሩን ልቀቅ፣ ብርድ ታስገባብናለህ። በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ የአውቶቡስ መናኸሪያውን የመንገደኞች ማረፊያ አዳራሽ የምሞላው እንዲህ እየተጨቃጨቅሁ ነው።

ሣጥኑ የምለው ሀርፕሲኮርዱን ነው። ሲያዩት ፒያኖ ይመስላል፤ ቀጠን ያለ፣ ጎኑ የሳሳ ፒያኖ። ፒያኖ ክሩን በመዶሻ ይመታዋል፤ ይሄኛው ግን በላባ ዘንግ ቆንጠር ነው የሚያደርገው። ድምፁ ትንሽ ናት። መጀመሪያ ያመጣነው ቀን አንድ ሹፌር ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና «ፒያኖው ታሟል እንዴ?» አለኝ። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት አርጅቷል ብሎ ሊጥለው ሲል ነው ለምና የወሰደችው። ክር እየቀየረች፣ ላባ እየሞረደች፣ እንደ በሽተኛ አስታማ አስነሳችው። ጡረታ ስትወጣ ደግሞ «ሥራ የፈታ ጆሮ ያለበት ቦታ ፈልጊልኝ» አለችኝ። ከመናኸሪያ የበለጠ ሥራ የፈታ ጆሮ የት ይገኛል? ኃላፊው ፈቀደ። ሣጥኑ አዳራሹ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ይከርማል፣ እሁድ እሁድ ይገለጣል።

እኔ ሙዚቃ ማንበብ አልችልም። ሥራዬ ገጽ ማዞር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እሷ ትጫወታለች፣ እኔ በግራዋ ቆሜ አዞራለሁ። ያኔ ሁልጊዜ ቀድሜ ስለማዞርባት ስሜን ትታ «ችኩሌ» አለችኝ፤ እሱው ጸደቀብኝ። እኔ እታለም እላታለሁ። በኋላ አንድ ዘዴ አበጀችልኝ። ገጹ ሲያልቅ በአገጯ ትጠቅሰኛለች። ያ ጥቅሻ ካልመጣ ሰማይ ቢደፋ አላዞርም። ባሌ ከሞተ ወዲህ አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ ስንጣላም ስንታረቅም በዚያችው አገጯ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳይምታታባችሁ። እነዚያ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ጣልያኖች ዜማቸውን ለሁለት ከፍለው ነው የጻፉት። የመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ጊዜ ይጫወታል። ከዚያ ገጽ ይዞራል። ሁለተኛው ግማሽም ሁለት ጊዜ ይጫወታል፣ አለቀ። እታለም ስታስረዳኝ «የመጀመሪያው ከቤት ያስወጣሻል፣ ሁለተኛው ወደ ቤት ይመልስሻል» ትለኝ ነበር። እኔም በዚሁ ገባኝ።

ነገሩ የጀመረው በዝናቡ ሰሞን ነው። አንዷን ዜማ ጀመረች፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ተጫወተች፣ ደገመች። እጄን ወረቀቱ ላይ አድርጌ አገጯን አያለሁ። ጥቅሻ የለም። ሠለሰች። አሁንም የለም። እንደገና ከላይ ጀመረች። እኔ ምን አውቄ! የሆነ አዲስ ነገር አምሯት ይሆናል ብዬ ቆምኩ። በመጨረሻ እጇን አነሣች፣ ሰዉም አጨበጨበ። ሁለተኛው ግማሽ የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም። ግማሹ ሰው በመሃል አውቶቡሱ ተጠርቶ ወጥቷል፣ ግማሹ በመሃል ገብቷል። የማይቀር ደንበኛችን ከመናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። የትም አይሄድም፣ ሙዚቃውን ብሎ ነው የሚመጣው። እሱም ሊሰናበተኝ መጥቶ «ያቺ መጀመሪያዋ ትጣፍጣለች፣ ደጋግማ ማሰማቷ ደግ አደረገች» አለኝ።

ቤት ስንገባ ነገር ፈለግኋት። «ምነው ዛሬ ጣልያኖቹን አሰለቸሻቸው?» አልኳት።

እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እያየች «አልጠቀስኩሽም?» አለች።

«አልጠቀስሽኝም።»

«እንግዲያው ገና ነዋ» አለችና ወደ መኝታዋ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለማንም አልተነፈስኩም። ጫማዋን ከድስቶቹ ጋር መደርደሪያ ላይ ደርድራ አገኘኋት። ከሞተች ዘመን ያስቆጠረችውን እናታችንን «ዛሬ ሳትደውል ዋለች» እያለች ታማርራለች። አንድ ቀን የገዛ በራችን ፊት ቆማ «የሰው ቤት ነው፣ እንዳትገፊው» አለችኝ። ጮህኩባት። እንደ እብድ ጮህኩባት፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ፎጣ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። ሰው ሲያረጅ ይረሳል፣ ምን ይደንቃል፣ እኔስ መነጽሬን ራሴ ላይ ሰክቼ አልፈልግም? እንዲህ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ሰነበትኩ።

እሁድ ላይ ግን መላ አገኘሁ። ጥቅሻውን መጠበቅ ተውኩ። ሁለቴ ከተጫወተች ገጹን ራሴ አዞርባታለሁ። እሷም ያዞርኩላትን ተከትላ እልም! ጣቶቿ ምንም አልጎደለባቸውም፣ ወረቀት ያሳያቸውን ሁሉ ያውቁታል። መቼ እንደሚሄዱ ነው የጠፋባቸው። ስለዚህ ሹፌሩ እኔ ሆንኩ፣ ማንበብ የማትችል ሹፌር። በዚህ ዓይነት ክረምቱን አጋመስነው። ይኸው ዳነች ብዬ ልቤ እስኪሞቅ ድረስ ማለት ነው።

ታዲያ ጎረቤት ዓይን አለው። ከጎናችን ያለችው ነርስ እታለምን በሌሊት ልብሷ መንገድ ላይ አግኝታት ለእታለም ልጅ ደወለችለት። ልጇ ኢንጂነር ነው፣ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፣ አንድዬ ልጇ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን በቀለለኝ ነበር። መጣና የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፊቴ ተቀመጠ። እሷ ጓዳ ውስጥ የጠረጴዛ ጠርዝ በጣቶቿ እየመታች ትለማመዳለች፣ ቱክ ቱክ ቱክ ይሰማናል።

«አክስቴ፣ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ምን የተደበቀ አለ? ይኸው ትለማመዳለች።»

«እኛ ከተማ ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ቀንም ማታም ነርስ አላቸው። ልወስዳት ነው።»

«እኔስ?»

አቀረቀረ። «አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ አክስቴ። እዚያ ጤነኛ አይቀበሉም።»

በሕይወቴ ጤነኛ በመሆኔ የተረገምኩት ያን ቀን ነው። «ሣጥኑስ?» አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ክፍሏ አልጋና ቁምሣጥን ብቻ ነው የሚይዘው አለኝ። እሷን ከእኔም ከሣጥኑም ለይተው አልጋ ላይ ካስቀመጧት ምን ይቀራታል? እኔስ በየትኛው ቤት፣ ከማን ጋር ነው የምጨቃጨቀው? እግሩ ላይ ልወድቅ ተነሣሁ፣ ልጁ ደንግጦ ትከሻዬን ያዘኝ።

«እሁድ የዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት ነው» አልኩት። «መጥተህ እይ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሥርዓት ከተጫወተች ተዋት፣ ከእኔ ጋር ትኑር።»

«ትጨርሳለች?»

«ትጨርሳለች!»

«ካልጨረሰችስ፣ አክስቴ?»

«ካልጨረሰች ውሰዳት፣ አፌን ይዤ እሸኝሃለሁ።» ይህን ያለው ምላሴ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ እህቴን እንደ ዕቃ አስያዝኳት።

ሳምንቱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከጠዋት ጀምሮ አለማምዳታለሁ። እሷ እንጨቱን ትመታለች፣ እኔ አዞራለሁ። ችግሩ ምን ነበር፣ አንዳንዴ ያዞርኩትን መልሳ ታዞረዋለች። እንደ ሕፃን ልጅ ወደ ኋላ። እኔም የልብስ መቆንጠጫ አመጣሁ። ገጹን እንዳዞርኩ ከወዲያኛው ወረቀት ጋር ቆንጥጬ እይዘዋለሁ፣ ከዚያ ብትፈልግም አትመለስም። ሠራ! ደስ ብሎኝ ጉንጯን ሳምኳት። በማግስቱ ምሳ ስናቀርብ ሳህኑን ወደኔ ገፋ አድርጋ «ይብሉ እንጂ፣ አይፈሩ። ችኩሌ ስትመጣ ደግሞ ሻይ እንጠጣለን» አለችኝ። ሳቅሁ። አንቱ ማለት የቆየ ሹፈቷ ነው። ልጅ ሆነን ስቆጣ «እሺ ክብርነትዎ» እያለች ታበግነኝ ነበር። ሰሞኑን ስላዋከብኳት ለአሽሙር ነው ብዬ «እበላለሁ እሜቴ፣ እርስዎም ይብሉ» አልኳት። እሷ አልሳቀችም። እኔ ግን ምኗንም አላየሁም፣ ሐሳቤ እሁድ ላይ ነበር።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ሰዉ ሙዚቃውን ሳይሆን ጣራውን ብሎ ነው የገባው፣ ግድ የለኝም። ሻንጣ፣ ጆንያ፣ የታሰረች ዶሮ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሁሉም አለ። ልብስ ሰፊው ቦታው ላይ ነው። ኢንጂነሩ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ካፖርቱን አቅፎ ተቀምጧል። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። እታለም ግራጫ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ራሴ ነኝ ያበጠርኩላት፣ ታምራለች። ቁጭ ስትል ወገቧ ቀጥ አለ። አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ አልኩ።

የመጀመሪያዋ ዜማ በሰላም አለፈች። አዞርኩ፣ ቆነጠጥኩ፣ ተከተለችኝ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ኢንጂነሩን በዓይኔ ጥግ አየሁት፣ ፊቱ ፈታ እያለ ነው። እናቱ ስትጫወት ካየ ስንት ዘመኑ! የሦስተኛዋ ማብቂያ ላይ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። አየህ አይደል አንተ! አልኩት በሆዴ። አንዲት ዜማ ነበረች የቀረችን። ቀስ ብላ የምትሄደው፣ እታለም ከሁሉ የምትወዳት።

የመጀመሪያውን ግማሽ ተጫወተች። ደገመች። አዞርኩና ቆነጠጥኩ።

እጇን ሰደደችና ወረቀቱን ሳበችው። መቆንጠጫው ተስፈንጥሮ ክሮቹ ላይ ወደቀ፣ ሣጥኑ ጭርርር አለ። ግራ እጇ መጫወቱን አላቆመም። በቀኟ ገጹን መልሳ ከላይ ጀመረች። እንደገና አዞርኩ። እጄን ቸብ አደረገችው፣ ሕፃን ሲያጠፋ እንደሚደረገው። «እታለም፣ በናትሽ» አልኩ በጥርሴ መሃል፣ «አዙሪ፣ በናትሽ አዙሪ»። ለሦስተኛ ጊዜ ወረቀቱን ስይዝ መጫወቷን አቁማ ወደኔ ዞረች። መቆንጠጫውን ከክሮቹ መሃል ለቅማ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይሄ የእርስዎ ነው መሰለኝ» አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ለእንግዳ የምታሳየው ያ የአስተማሪ ትህትናዋ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ ገጹን ይተዉልኝ። ገጽ የምታዞርልኝ እህቴ ናት። ትንሽ ዘግይታ ነው እንጂ መምጣቷ አይቀርም። እስክትመጣ ነው ይቺን የምደጋግማት።»

የሣጥኑን ጠርዝ ያዝኩ። ለካ እነዚያን እሁዶች ሁሉ ስትጠብቀኝ ኖራለች! እኔ አጠገቧ ቆሜ አገጯን ስጠብቅ እሷ እኔን ትጠብቃለች።

«እታለም፣ እኔ ነኝ። ችኩሌ ነኝ።»

ፊቷ በራ። «ችኩሌን ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ» አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል?

«ካገኟት ይንገሩልኛ፣ ዛሬ እንኳ ትቸኩል።» ሣቅ አለችና ወደ ሣጥኑ ተመልሳ የመጀመሪያውን ግማሽ ጀመረች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሰዉን እየገፋሁ፣ ሻንጣ እየረገጥኩ በሩ ድረስ ሄድኩና ወጣሁ። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል። ነጠላዬን አውልቄ ለልብስ ሰፊው ወረወርኩለት፣ ተከትሎኝ ወጥቶ ኖሯል። ፀጉሬን ፈትቼ እንደ ልጅነቴ ወደ ኋላ ለቀቅሁት። «ምን ልታደርጊ ነው እቴ?» አለኝ። ከአውቶቡሶቹ ዘንድ ዞሬ በዚህ በታመመ ጉልበቴ ሮጥኩ፣ በሩን በሁለት እጄ ገፍቼ ገባሁ፣ «መጣሁ! እታለም መጣሁ!» ብዬ ጮህኩ። ልጆች ሆነን ከጨዋታ ስትጠራኝ እንደምጮኸው ነው የጮህኩት። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ኢንጂነሩ ብድግ አለ።

እታለም መጫወቷን ሳታቆም ቀና አለች። አየችኝ። አገጯ ከፍ አለ። ከዚያ ዓይኗ በትከሻዬ ላይ አልፎ ሄደ፣ ከኋላዬ ያለውን በር ፈለገ፣ ቆየ፣ ተመለሰ።

ዝናብ እያንጠባጠብኩ መሃሉን አቋርጬ ወደሷ ሄድኩ። ሰዉ ሳልለው መንገድ ለቀቀልኝ። አጠገቧ ስደርስ ርጥብ ፀጉሬን አይታ አዘነችልኝ።

«በዝናብ ወጥተው ነው የፈለጓት?» አለች። «ለምን ተቸገሩ። እርስዎም ይወዷታል ማለት ነው።»

«ክፉ ናት» አልኳት። እንባዬ ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። «ታዋክባለች። ትጮኻለች።»

«ትጮኻለች» አለች እታለም ደስ ብሏት። «ግን ትመጣለች። ይቀመጡ፣ አብረን እንጠብቃት።» ከወንበሯ ጠጋ አለችልኝ።

ተቀመጥኩ። ኢንጂነሩ መጥቶ ከጎናችን ቁልቁል ቁጢጥ አለ። ጉንጩ ርሷል። «አክስቴ፣ ይብቃ። እንሂድ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ውሰዳት ብዬሃለሁ፣ ትወስዳታለህ። አሁን ግን ዝም በል፣ ሰው እየጠበቅን ነው» አልኩት። ካፖርቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ውጭ አውቶቡስ ተጠራ። ሰዉ ሻንጣውን አንሥቶ፣ ድምፅ እንዳያሰማ በእግሩ ጣት እየተራመደ ይወጣ ጀመር። ልብስ ሰፊው ነጠላዬን አጣጥፎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠልኝ። እታለም ትጫወታለች። ግማሹ ባለቀ ቁጥር ያንን ሁሉ እሁድ የጠበቅኩትን ጥቅሻ በአገጯ ትጠቅሳለች፣ ወደ በሩ። እኔም በሩን አያለሁ።